እኔም ከ«እብዶቹ» አንዱ ነበርኩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው እዚህ ከዚራ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ካለች ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ባለሱቁ ይገዛል፣ እኔ አነብለታለሁ። መነጽሩ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሌላ አልገዛም አለ። እኔን አግኝቶ ምን ቸገረው።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ፎቶ አወጣችሁ። ጨለማ ነው። መሬቱ ነጭ ነው። ሦስት ሰዎች የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። መሃላቸው ፋኖስ አለ፣ ከእግራቸው ሥር ደግሞ ጥቁር ቀዳዳ። ከፎቶው ሥር «በረዶ ሰርስረው ዓሣ የሚጠብቁ እብዶች» ብላችኋል። ሌላ ምንም የለም። የት አገር እንደሆነ እንኳ አልጻፋችሁም። ባለሱቁ ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እንደነዚያ ሰዎች ባልዲ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ይህንኑ ስነግረው «ውሸታም» አለኝ። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም በአንድ ወረቀት ልመልስ ብዬ ነው።

67 ዓመቴ ነው። ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አድጌ፣ ለገሃር ባቡር ጥገና ውስጥ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በልጅነቴ በረዶ ማለት በጆንያ ተጠቅልሎ በጋሪ የሚመጣ፣ ለስላሳ የሚቀዘቀዝበት ነገር ነበር። ስባሪው ሲወድቅ ተሻምተን እንመጥጠው ነበር። ሰው በላዩ ላይ ይሄዳል ቢሉኝ እኔም እንደ ባለሱቁ እስቅ ነበር።

ልጄ ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ስትወልድ ባለቤቴ ለአራስ ጥየቃ፣ እኔ ለአጃቢነት ሄድን። የአጃቢ ሥራ ሻንጣ መሸከም ነው። ሻንጣው ከተቀመጠ በኋላ ሥራ የለውም። ቤቱ የሴት ቤት ሆነ። ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይፈላል፣ ሕፃን ይታጠባል፣ እኔ በቆምኩበት ሁሉ መንገድ እዘጋለሁ። ሶፋ ላይ ተጎለትኩ። ውጭ ልውጣ ብል ብርዱ ፊት ይልጣል። ፀሐይዋ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ በእኛ ሰዓት 11 ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው፣ የማያልቅ ሌሊት።

የልጄ ባል አዘነልኝ መሰለኝ። «አባባ፣ ዓሣ ልናጠምድ ነው፣ ትመጣለህ?» አለኝ። የድሬ ልጅ ስለሆነ «አንተ» ነው የሚለኝ። አዲስ አበባ ያላችሁ አትደንግጡ፣ እኛ ጋ እንደዚያ ነው።

«መቼ?» አልኩት።

«ማታ።»

«የት?»

«ኩሬው ላይ።»

ልብ በሉ፣ ኩሬው ዳር አላለም። ኩሬው ላይ ነው ያለው።

«ብርዱስ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ዜሮ» አለኝ። ዜሮማ ምን አላት አልኩ። ውሃ የሚረጋበት አይደል፣ እሱን እችላለሁ። ጃኬቴን ደረብኩና ወጣሁ። በሩን ስከፍት አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ደረቀ። ሲተነፍሱ ይንኮሻኮሻል። ለካ የነሱ ዜሮ ሌላ ነው። በፋራናይት ነው የሚቆጥሩት። የእነሱ ዜሮ በእኛ ከዜሮ በታች 18 ነው። ተመልሼ ገባሁ። ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ካልሲ፣ የልጅየው የሥራ ቱታ፣ ጓንት፣ የጆሮ ቆብ። ጋቢዬን በላዩ ላይ ልጣል ስል ልጄ «አባዬ፣ እንዳታዋርደኝ!» ብላ ጮኸች። ከቱታው ሥር አደረግኩት። በኋላ ያዳነኝም እሱ ነው።

ክፍለ ግዛቱ የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ብሎ ጽፏል። እኛ የሄድንበት ግን ሐይቅ አይባልም። ከቤቶቹ ጀርባ ያለች ኩሬ ናት። በበጋ ዳክዬ ይዋኝባታል፣ ልጆች ዳቦ ይወረውራሉ። ከኳስ ሜዳ ብዙ አትበልጥም። የልጅየው ጎረቤት አንድ ሽማግሌ አለ፣ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ። ዕቃውን ሁሉ በሕፃናት መንሸራተቻ ላይ ጭኖ በገመድ እየጎተተ ይጠብቀናል። እጄን ጨበጠኝና ጓንቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከራሱ ዕቃ ሌላ ጓንት አውጥቶ ሰጠኝ። የእንግሊዝኛዬን ነገር ተዉት። ግን የእጅ ሥራ የሠራ ሰው እርስ በርሱ ለመግባባት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

አሁን «እብዶች» ወዳላችሁት እመጣለሁ።

ሽማግሌው ቀድሞን ኩሬው ላይ ወጣ። በእጁ ዲጂኖ ይዟል። ዲጂኖ ስል የኛው ዲጂኖ ነው፣ ጫፉ ብቻ ሰፋ ይላል። ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ከፊቱ ያለውን በረዶ በኃይል ይመታል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። እኛን ዳር አቁሞናል። ይህን ሳይ ሳላስበው ሳቅኩ። ጥገና ክፍል ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ሥራ እሱ ነበር። ባቡር ሲቆም በሁለቱም በኩል እየዞርን የብረት ጎማውን በረጅም መዶሻ መታ መታ እናደርጋለን። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ያቃጭላል። የተሰነጠቀ ጎማ ዷ ይላል፣ ድምፁ ይሞታል። ዓይን ያላየውን ጆሮ ያገኘዋል። ሽማግሌውም የሚሰማው እሱን ነው። ጠንካራ በረዶ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ አለው። ሳሳ ሲል ድምፁ ይለወጣል፣ ዲጂኖውም ሲመታ ያልፋል።

ጥቂት እንደሄደ በሰርሳሪው ቀደደና ጫፉ የታጠፈ ማስመሪያ ውስጥ ከቶ ለካ። 28 ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩን ለልጅየው ነገረው፣ ልጅየው ለኔ። ደንቡን በመንገድ ላይ አስረድቶኛል። ሰው በእግሩ እንዲሄድበት በትንሹ 10 ሴንቲ ንጹሕ በረዶ ያስፈልጋል። ለትንሽ መኪና 25 ገደማ። ትላልቆቹ ሐይቆች ላይ መኪና ይነዳሉ፣ ቤት ጎትተው ወስደው ይተክላሉ፣ የማያምን አይመን። ግን ይህ ቁጥር ጥርት ላለው፣ እንደ መስታወት ለሚያሳየው በረዶ ነው። በላዩ የወደቀው አመዳይ ርሶ የረጋው ነጩ በረዶ አቅሙ ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል። ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ፣ ምንጭ ያለበት ቦታ፣ ሸምበቆ የበቀለበት ቦታ ሁልጊዜ ይሳሳል። ዛሬ የሄዱበት ነገ ላያስኬድ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ፣ በየቦታው ይለካሉ። እንግዲህ የትኛው እብድ ነው እግሩን ከማንሣቱ በፊት መሬቱን የሚመረምረው?

ሌላም አለ። ሽማግሌው አንገቴ ላይ አንድ ገመድ አጠለቀልኝ። በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው ሹል ምስማር አለ። ማተቤ ላይ ሌላ ማተብ ተጨመረ። በረዶው ቢከዳኝ የማደርገውን በምልክት አሳየኝ። ወደ ፊት አይሄዱም። ወደመጡበት ይዞራሉ፣ ያ በኩል ሲሸከምዎ የነበረ ነውና። ምስማሮቹን በረዶው ላይ ይተክላሉ፣ በእግር እየረገጡ በሆድ ይወጣሉ። ወጥተው አይቆሙም። እየተንከባለሉ ይርቃሉ። ይህን ሁሉ ሽማግሌው መሬት ላይ ተኝቶ ሠርቶ አሳየኝ። በ70 ዓመቱ። ቀጥሎ እኔ ሠራሁት። ጋቢው በቱታው እግር በኩል ወጣ።

ሰርሳሪው የአናጢ ትራፓኖ ነው፣ የሰው ቁመት የሚያክል። ከላይ በሁለት እጅ ይዘው ያዞሩታል። ተራዬ ሲደርስ ሁለት ቀዳዳ ቀደድኩ፣ ስፋታቸው አንድ ስንዝር ያህል ነው። በረዶው እንደ ፍርፋሪ ይወጣል፣ ከዚያ በመጨረሻ ድንገት ሰርሳሪው ይሰምጥና ውሃው ጉልጉል ብሎ ይመጣል። ጥቁር ውሃ። ከ28 ሴንቲ በረዶ ሥር ፈሳሽ ውሃ ሳይ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልቤ ተነካ። ፍርፋሪውን በቀዳዳ ቀዳዳ ጭልፋ ያወጡታል። ውሃው በጭልፋው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፣ በረዶው ይቀራል። ልክ የሳምቡሳ ማውጫ። ሽማግሌው ያንን ጭልፋ በኋላ ሸለመኝ። አሁን ባለቤቴ ወጥ ቤት ነው ያለው፣ ሳምቡሳ ከዘይት ያወጣል። ባለሱቁ ስንት ጊዜ በልቶበታል፣ ሳያውቅ።

ባለቤቴ በኋላ የጠየቀችኝን ሌላም ሰው ሳይጠይቀኝ አይቀርም። ዓሣው እንዴት አይሞትም? ውሃ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀላል። ስለዚህ የሚረጋው ከላይ ነው፣ በረዶውም ይንሳፈፋል፣ ከታች ያለው ውሃ 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይከርማል። በረዶው ለዓሣው ጣሪያ ነው። እንደ ሌላው ነገር ከታች ወደ ላይ ቢረጋ ኖሮ እዚያ አገር ኩሬ ውስጥ ዓሣ የሚባል አይተርፍም ነበር።

ከቀዳዳዎቹ በላይ ትንሽ ድንኳን ተከሉ። ውስጡ ሦስት ባልዲ፣ አንዲት የጋዝ ማሞቂያ። ሽማግሌው የድንኳኑን ከላይና ከታች ክፍት አደረገ። ብርድ ይገባል እኮ ብዬ ልዘጋው ስል እጄን ያዘኝ። ልጅየው «አባባ፣ የከሰል ነገር ነው» አለኝ። ገባኝ። ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ለቅሶ ደርሻለሁ። ከጋዙ ማሞቂያ የሚወጣውም መርዝ ያው ነው፣ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል።

ከዚያ ተቀመጥን። መሸ። ፋኖሱን ቀነሱት።

ዘንጉ የክንድ ያህል ብቻ ነው፣ መጫወቻ ይመስላል። ክሩ ቀጭን፣ መንጠቆው የምስር ፍሬ በምታክል እርሳስ ላይ የተሠራ። እርሳሱ ቀለም ተቀብቷል፤ ባትሪ ካበሩበት በኋላ ጨለማ ውስጥ እሱ ራሱ ያበራል። ጫፉ ላይ ነጭ ትል ይሰካሉ። እየደጋገሙ ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። እዚያ ኩሬ ያለው ዓሣ ክራፒ ይባላል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ቀን ዝም ብሎ ይውላል። ሲመሽ ነው ለመብል የሚነሣው። በማታ የሚሄዱት ለዚህ ነው እንጂ ቤት ጠቧቸው አይደለም። (የኔ ግን ቤት ጠቦኝ ነው።)

የሚገርመኝ ዓሣው አይደለም፣ መቀመጡ ነው። መጀመሪያ ወሬ አለ። ሽማግሌው ይናገራል፣ ልጅየው ይተረጉማል፣ እኔ እመልሳለሁ። ስለ ቧንቧ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ጡረታ ገንዘብ ማነስ። ሻሂ ከፔርሙዝ ይቀዳል። ሳቅ አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ወሬው ይሳሳል። አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይከተላል። ሁሉም የክሩን ጫፍ እያየ በየራሱ ሐሳብ ይነጉዳል። ይህን ሰዓት የት አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። የድሬ ሰው ገብቶታል። በርጫ ነው! ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ደርቶ ደርቶ፣ ወደ ማታ ሁሉም ጭጭ የሚልባት ያቺ ሰዓት። ምርቃናዋ። እኔ ጫት ከተውኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ያቺን ዝምታ ግን ሳልቅም፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ፣ በረዶ ላይ አገኘኋት። ለልጅየው ነገርኩት፣ ለሽማግሌው ተረጎመለት። ሽማግሌው ስለ ጫት ሰምቶ አያውቅም። አሰበና «ቅጠሉን እናንተ ውሰዱ፣ በረዶውን እኛ እንያዝ» አለ።

በዚህ ዝምታ መሃል ነው የሆነው። ከሩቅ፣ ከኩሬው ወዲያ ጫፍ ጉምምም የሚል ድምፅ ተነሣ። እየሮጠ መጣ። ከባልዲዬ ሥር አለፈና ወዲያኛው ዳር ሄዶ ጠፋ። እኔ ቆሜያለሁ። ሻሂው በጉልበቴ ላይ ፈሷል። አንገቴ ላይ ያለውን ምስማር ጨብጫለሁ። አንድ ስለት ተስያለሁ፣ ለማን እንደሆነ አልናገርም። ሁለቱ በሳቅ ሞቱ። ሽማግሌው በመዳፉ በረዶውን መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በረዶው ይሰበሰባል፣ ይወጠራል፣ ስንጥቅ ይሮጥበታል። ይህ የሚሆነው ሲጠነክር ነው እንጂ ሲደክም አይደለም አለኝ። ነገሩን ሲያስረዳኝ አፈርኩ። ይህንንማ ከሱ ይበልጥ አውቀዋለሁ። የድሬ ሐዲድ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ለዚያ ነው በአሮጌው መሥመር በሐዲድና በሐዲድ መጋጠሚያ መካከል ክፍተት የሚተወው። ሌሊት ዘብ ሆኜ ስንት ጊዜ ሐዲዱ ብቻውን ጧ ሲል ሰምቻለሁ። ባቡር ሳይኖር። ልጅ ሳለን ደግሞ ጆሯችንን ሐዲዱ ላይ ለጥፈን የሚመጣውን ባቡር ሳይታይ እንሰማው ነበር። በዚያ ሌሊት ተንበርክኬ ጆሮዬን በረዶው ላይ አደረግኩ። ቆቤ ተጣበቀ እንጂ ጥሩ ይሰማል።

ዓሣ ያዝኩ? ያዝኩ። የዘንጉ ጫፍ እንደ መጉበጥ አለች፣ ነቅነቅ እንኳ አላለችም። ልጅየው «ሳብ! አቦ ሳብ!» አለኝ። ሳብኩ። መዳፌን የማታክል ክራፒ ቀዳዳው ውስጥ ብቅ አለች። በ67 ዓመቴ የመጀመሪያዬ ዓሣ! ሽማግሌው ተቀበለኝ፣ በባትሪ አያት፣ እንኳን ደስ አለህ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፣ ከዚያ ተመልሳ ቀዳዳው ውስጥ ጠብ! ለቀቃት። ሳላስበው በአማርኛ ጮህኩበት። ትንሽ ናት ይላል፣ ለከርሞ ትደርሳለች። ከርሞ እኔ የት እሆናለሁ? ለሦስት ደቂቃ ያህል አኮረፍኩ።

እዚያ አገር ሕጉ በሰው 10 ክራፒ ይፈቅዳል። ለኔም ልጄ በስልኳ የአንድ ቀን የእንግዳ ፈቃድ ገዝታልኝ ነበር። ያለ ፈቃድ በገዛ ሰፈርህ ኩሬ ላይ እንኳ ክር አትጥልም። እኛ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሰባት ይዘን ሦስቱን ለቀቅን። አራቱን በረዶው ላይ አስቀመጥናቸው። ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ማገዶ ደርቀው ሲጋጩ ኳ ኳ ይሉ ነበር። ቤት ስንደርስ ሌላ ጣጣ ተነሣ። ጊዜው የገና ጾም ነው። ባለቤቴ ዓሣ አይበላም አለች፣ ልጄ ይበላል አለች። ይህ ክርክር እናንተም ቤት ይኖራል፣ እዚህ አልጨርሰውም። እኔ በላሁ። በሚጥሚጣ።

እዚህ ላይ ልጨርስ እችል ነበር። ግን ደብዳቤውን የጻፍኩት ለሌላም ነገር ነው።

ከተመለስኩ በኋላ፣ ዘንድሮ፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ሐረማያ ወጣሁ። ደንገጎን ወጥታችሁ ወደ ሐረር ስትሄዱ በመንገዳችሁ ላይ ነው። የኔ ዕድሜ ሰው ሐረማያን ሲያስብ ውሃ ነው የሚያስበው። ሐረር የሚጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ከዚያ ፓምፑ በዛ፣ ለጫቱም ለድንቹም ለሽንኩርቱም ሌት ተቀን ተሳበ፣ ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ሞላበት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ሐይቅ የነበረ ቦታ ከብት ሲግጥበት በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል። ስናየው የእህቴ ልጅ ፎቶ አነሳ፣ እኔ ዕንባዬን ጠረግኩ።

ሲመሽ አልሄድንም፣ ቆየን። ጨለም ሲል ልጆች መጡ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አንዱ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ በመብራቱ እያየ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። በእጁ ክር የተጠመጠመበት የላስቲክ ጠርሙስ ይዟል። ገመድ የለም። ዳር የቆመ ትልቅ ሰው የለም። ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው ይሳሳቃሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ምኑ መሰላችሁ? ሐይቁ ደርቆ በነበረ ጊዜ ገበሬው የሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ይስብ ነበር። በዚያው ቦታ፣ እዚያው መሃል። ሰው ከነቁመቱ የሚውጥ ጉድጓድ። አሁን ውሃው ሲመለስ በላያቸው ላይ ነው የተኛው። የትኛው ተደፍኗል? የትኛው አፉን እንደከፈተ ነው? ከላይ ሲታይ ውሃው አንድ ነው፣ እንደ መስታወት ለጥ ያለ። ድሬዎች ደግሞ ለጥ ያለ ነገር እንደማይታመን እናውቃለን። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ሰው ይተኛበታል። በሐምሌ 1998 ማብቂያ ሌሊት ላይ መጥቶ ያደረገውን ግን ከተማው አልረሳውም። ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው።

ልጁን ጠራሁት። በኦሮምኛ ነው ያወራነው። «ከፊትህ ያለውን ጥልቀት ታውቀዋለህ?» አልኩት። «ትናንትም ገብቻለሁ» አለኝ። ሽማግሌው ትዝ አለኝ። ትናንት ያስኬደ ዛሬ ላያስኬድ ይችላል የሚለው ደንብም። እዚያ አገር ባለ 28 ሴንቲ በረዶ ላይ በየሁለት እርምጃው በዲጂኖ ይመታሉ። እኛ ጋ ጭቃና ጨለማ ውስጥ በባዶ እግር በ«ትናንት» እንሄዳለን። ታዲያ እናንተ እብድ ያላችሁት የትኛውን ነው?

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። ያንን ፎቶ ደግማችሁ ካወጣችሁት ከሥሩ ሌላ ነገር ጻፉበት፤ ይህን ደብዳቤ አይታችሁ የሚሆነውን ምረጡ። ሁለተኛው፣ ፎቶ አንሺያችሁን አንድ ቀን ከአመሻሹ 12 ሰዓት በኋላ ሐረማያ ላኩት። ቀን ሄዶ የሐይቁን መመለስ ያነሳው ብዙ ነው። ማታ የሄደ ግን አላየሁም። አካባቢውን የሚያውቁ ገበሬዎች ጉድጓዶቹ የት እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ምናልባት አንድ ሰው ካርታ ቢጤ ይሥላል፣ ምናልባት ቀይ ጨርቅ የታሠረበት እንጨት ይተከላል። ይህ የጋዜጣ ሥራ ነው ወይስ የቀበሌ፣ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

በበኩሌ ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ዲጂኖ ይዤ ታክሲ መሳፈር ስለማይሆን አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ከዚያው ገዛሁ። ያው ልጅ ነበር። ውሃው ዳር ቆሜ እንዴት እንደሚያደርገው አሳየሁት። ሁለት እርምጃ፣ መውጋት፣ ሁለት እርምጃ፣ መውጋት። አጣናው ከሰመጠ ወደመጣህበት ዙር። ጓደኞቹ መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። እሱም ሳቀ። «ጃርሳ መራታ» አለኝ። እብድ ሽማግሌ ማለቱ ነው።

አጣናውን ግን ተቀብሎኛል። ሲገባ ከፊቱ እየወጋ ነበር የገባው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው የባቡር ጥገና ሠራተኛ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ